የሃርድዊክ ድንጋይና መዝገብ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

 ዛሬ ላነሣላችሁ ያሰብሁት ጉዳይ በእንግሊዝ አገር ከአራት መቶ ዓመት በላይ ጸንቶ የቆመ የአንድ የድንጋይ ቤት አሠራር ነው። ቤቱ ሃርድዊክ ሆል ይባላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ማስታወቅ ይገባኛል።

ስለ ድንጋይ ቤት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወሳው ቁመቱና ስፋቱ፥ የግድግዳው ውፍረትና የባለቤቱ ሀብት ነው። እኔ ግን ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ እወዳለሁ። አንድ ቤት ለአንድ ጉዳይ ታስቦ ከተሠራ በኋላ ያ የታሰበው ጉዳይ ሳይፈጸም ቢቀር፥ ቤቱ ምን ይሆናል? ሃርድዊክ እንዲህ ያለ ቤት ነው። ለንግሥት የሚገባ ማረፊያ እንዲሆን ተሠራ፤ ንግሥቲቱ ግን አልመጡም። ይሁን እንጂ ቤቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ከዘመኑ ታላላቅ ቤቶችም መካከል መልካቸውን ሳይለውጡ ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። ምን አቆየው ብትሉኝ፥ አንደኛው ድንጋዩ፥ ሁለተኛው የጽሕፈት መዝገብ ነው እላችኋለሁ። ነገሩን ከመሠረቱ ጀምሬ ላስረዳችሁ።

ሃርድዊክ የሚገኘው በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል፥ ዳርቢሻየር በሚባለው ግዛት፥ በአንድ ኮረብታ አናት ላይ ነው። ያሠሩት እመቤት ኤልሳቤጥ የሚባሉ ሲሆኑ፥ የአገራቸው ሕዝብ ግን እስከ ዛሬ በቁልምጫ ስማቸው የሃርድዊክዋ ቤስ እያለ ይጠራቸዋል። የተወለዱት በ1520ዎቹ ዓመታት ውስጥ በዚያው በሃርድዊክ ነው። አባታቸው መጠነኛ ርስት የነበራቸው ባላገር እንጂ ታላቅ መኰንን አልነበሩም፤ ልጃቸውም ገና ሕፃን ሳሉ ሞቱ። እመቤት ኤልሳቤጥ በዕድሜያቸው አራት ጊዜ አግብተው አራቱንም ባሎቻቸውን ቀበሩ። በየጋብቻውም ሀብታቸውና ማዕረጋቸው ከፍ እያለ ሄዶ፥ በመጨረሻ የሽሩዝበሪን ኧርል ጆርጅ ታልቦትን ሲያገቡ ከእንግሊዝ ታላላቅ ወይዛዝርት እንደ አንዷ ተቆጠሩ።

ከአራቱ ባሎች ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመን ሁለተኛው ነው። እኒህም ሰር ዊልያም ካቨንዲሽ የተባሉ የመንግሥት ሹም ሲሆኑ፥ የቤተ መንግሥቱን ገንዘብ ከሚጠብቁት ኀላፊዎች አንዱ ነበሩ። በ1557 ዓ.ም. ሒሳባቸው ሲመረመር ከ5,000 ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ ጐደለ ተባለ። ይህም በዚያ ዘመን እጅግ ከባድ ገንዘብ ነበር። ሰር ዊልያም ጉዳዩ እልባት ሳያገኝ በዚያው ዓመት ሞቱ፤ ዕዳውም በሚስታቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። እመቤት ኤልሳቤጥ ከዚያ በፊትም ቢሆን የቤታቸውን ገቢና ወጪ በጽሕፈት የማስያዝ ልማድ ነበራቸው። ስድስት ልጆችና የጕድለት ዕዳ ይዘው በቀሩ ጊዜ ግን የመዝገብ ነገር ለእሳቸው ልማድ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ጸሐፊዎቻቸው የሚያቀርቡላቸውን ሒሳብ ራሳቸው እየተመለከቱ ይፈርሙበት ነበር። እናንተም ፊርማ ማለት ምን ያህል ሸክም እንደ ሆነ የምታውቁ ስለ ሆናችሁ፥ ይህን ሳልፍ አላልፈውም።

ከአራተኛው ባላቸው ጋር ፍቅራቸው እየቀዘቀዘ ሄዶ ተለያይተው መኖር ስለ ጀመሩ፥ እመቤት ኤልሳቤጥ ወደ ትውልድ ስፍራቸው ተመልሰው የአባታቸውን ቤት እያስፋፉ ያሠሩ ጀመር። በ1590 ዓ.ም. ኧርሉ ሞቱ። ባልቴቲቱም ከውርሱ የሚገባቸውን ድርሻ ባገኙ ጊዜ በሀብት ከንግሥቲቱ በታች የሚወዳደራቸው ሴት አልነበረም ይባላል። ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት አልፎ ነበር። ይሁን እንጂ የጀመሩት ቤት ገና ሳያልቅ፥ ከእሱ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሌላ አዲስ ቤት አስጀመሩ። አሮጌው ቤት ዛሬ ጣራው ወድቆ ፍርስራሹ ይታያል። አዲሱ ግን በ1597 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ባለቤቲቱ ገቡበት። ከመሠረቱ እስከ መግቢያው ሰባት ዓመት መሆኑ ነው።

የቤቱን ንድፍ አወጣ ተብሎ የሚታመነው ሮበርት ስሚዝሰን የሚባል ሰው ነው። ስሚዝሰን በትምህርት ቤት የተማረ መሐንዲስ አልነበረም፤ በመዶሻና በመሮ አድጎ፥ ከግንበኝነት ወደ ንድፍ አውጪነት የወጣ ባለሙያ ነበር። ከሃርድዊክ በፊት ሎንግሊትና ዎላተን በሚባሉት ታላላቅ ቤቶች ሠርቷል። ለሃርድዊክም የሚቀራረብ ንድፉ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ግንቡን ያነሡት የድንጋይ ሠራተኞች ጆንና ክሪስቶፈር ሮድስ ይባላሉ። በልስን ላይ ምስል የቀረጸው አብርሃም ስሚዝ ነው። አንድ ሠዓሊ ደግሞ በመዝገቡ ላይ «ሠዓሊው ጆን» እየተባለ ተጽፏል። የእነዚህን የእጅ ሠራተኞች ስም ከአራት መቶ ዓመት በኋላ እኔ ልጠራላችሁ የቻልሁት ስለ ምንድን ነው? ለማን ስንት እንደ ተከፈለ በየጊዜው የሚጽፍ ጸሐፊ ስለ ነበረ ነው። ድንጋዩ የጠራቢውን ስም አይናገርም፤ የክፍያው መዝገብ ግን ይናገራል።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልመለስ። ቤቱ የተገነባበት ድንጋይ አሸዋ በብዙ ዘመን ብዛት ተጠቅጥቆና ተጣብቆ የሆነው ዓይነት ሲሆን፥ የተፈለጠውም ከሩቅ ሳይሆን ከዚያው ከኮረብታው ተዳፋት ነው። ይህ ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ። ባቡርና መኪና ባልነበረበት ዘመን ድንጋይን ውድ የሚያደርገው ከመፍለጡ ይልቅ ማጓጓዙ ነበር። ጥቂት ቀን የሚያስኬድ መንገድ የድንጋዩን ዋጋ እጥፍ ድርብ ያደርገዋል። እመቤት ኤልሳቤጥ ግን ድንጋዩን ከእግራቸው ሥር፥ እንጨቱን ከገዛ ደናቸው፥ ለጣራው የሚሆነውን እርሳስና ለመስኮቱ የሚሆነውን መስተዋት ከራሳቸው ሥራ ስፍራዎች አስመጡ። ስለዚህ በሃርድዊክ የሚታየው ግርማ በገንዘብ ብዛት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ምን ምን እንዳለው ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለቤት ያለውን በየቦታው በማዋሉ የመጣ ነው።

በሩቅ ሆኖ ቤቱን ለሚመለከት ሰው አስቀድሞ የሚታየው ስድስት የግንብ ማማዎች ናቸው። ዋናው ቤት ረዘም ያለ አራት ማዕዘን ሲሆን፥ ማማዎቹ ሁለቱ በፊት፥ ሁለቱ በኋላ፥ አንዳንዱ ደግሞ በግራና በቀኝ ጫፍ ተተክለዋል። ሁሉም ከዋናው ጣራ በላይ ከፍ ብለው ይወጣሉ። ከዚህም የተነሣ ሰው ቤቱን እየዞረ ሲመለከት ማማዎቹ አንድ ጊዜ ይቀራረባሉ፥ አንድ ጊዜ ይራራቃሉ፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል፥ ደግሞም ይገልጠዋል። በድንጋዩ ፊት ላይ የተቀረጸ ጌጥ ብዙ የለም። ውበቱ በጌጥ ብዛት ሳይሆን በልክና በሚዛን የተገኘ ነው። የቀኙ ወገን ከግራው ጋር ተካክሎ፥ መስኮቱ በመስኮት ትክክል ቆሞ ይታያል።

ከማማዎቹ ቀጥሎ ዓይን የሚማርከው የመስኮቱ ብዛት ነው። በዚያ ዘመን መስተዋት ውድ ዕቃ ነበር፤ ድኻው መስኮቱን በእንጨት መዝጊያ ይደፍን ነበር። በሃርድዊክ ግን ግድግዳው ለመስኮቱ ቦታ ለቅቆ የሄደ ይመስላል። የአገሬውም ሰው ስለ መስተዋቱ ብዛት የሚናገረው አባባል አበጅቷል። መስኮቶቹ በድንጋይ ዘንጎች የተከፋፈሉ ሲሆኑ፥ በየክፍሉ ትንንሽ መስተዋቶች በእርሳስ ማሰሪያ ተጋጥመው ገብተውባቸዋል። የቤቱ ፊት ወደ ምዕራብ ስለ ሆነ፥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም መስተዋት በአንድነት ሲያበራ ከሩቅ ያያል።

አሁን አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናችኋለሁ። መስኮቶቹ ቁመታቸው እኩል አይደለም። በምድር ቤቱ አጠር ያሉ ናቸው፤ በአንደኛው ፎቅ ከፍ ይላሉ፤ በሁለተኛው ፎቅ ከሁሉ ይረዝማሉ። በብዙ ቤት ታላቁ ክፍል ታች ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ የሚያንሰው ነው፤ በሃርድዊክ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ምክንያቱም ቤቱ የተደለደለው በማዕረግ ስለ ሆነ ነው። ምድር ቤቱ የአገልጋዮችና የወጥ ቤቱ ስፍራ ነበር። አንደኛው ፎቅ የባለቤቲቱና የቤተ ዘመዳቸው መኖሪያ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ለታላቅ ግብርና ለታላቅ እንግዳ የተለየ ነበር። እንግዲህ ገና በውጭ የቆመ ሰው፥ ማንም ሳይነግረው፥ በመስኮቱ ቁመት ብቻ ማን በየትኛው ፎቅ እንደሚቀመጥ ያውቅ ነበር ማለት ነው። መሥሪያ ቤት ውሎ የሚያድር ሰው የሹም ክፍል ምን እንደሚመስል ሳይጠይቅ እንደሚለየው ሁሉ፥ የዚያም ዘመን ሰው ይህን የድንጋይ ጽሕፈት አጥርቶ ያነብ ነበር።

በበሩ እንግባ። መጀመሪያ የምናገኘው አዳራሹን ነው። ከሃርድዊክ በፊት በተሠሩት የእንግሊዝ ቤቶች አዳራሹ ከቤቱ ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ በቁመቱ ይዘረጋ ነበር። በሩም በአዳራሹ አንድ ጫፍ ላይ ስለሚውል፥ የቤቱ ፊት ግራና ቀኙ አይተካከልም ነበር። በሃርድዊክ አዳራሹ ተዛውሮ፥ ከፊት ወደ ኋላ ቤቱን መካከል ለመካከል ሰንጥቆ እንዲያልፍ ተደረገ። በዚህም በሩ በትክክል መካከል ላይ ዋለ፤ ቤቱም ሚዛኑን አገኘ። ይህ ለውጥ ለዓይን ብቻ የተደረገ አይደለም። በጥንት ዘመን ጌታውና አሽከሩ በአንድ አዳራሽ፥ በላይኛውና በታችኛው ማዕድ ተቀምጠው ይበሉ ነበር። በእመቤት ኤልሳቤጥ ዘመን ግን ጌቶቹ ከአዳራሹ ወጥተው ወደ እልፍኝ ገብተዋል፤ አዳራሹ የአገልጋዮች መመገቢያና የመግቢያ ስፍራ ሆኖ ቀርቷል። የኑሮው ሥርዓት ሲለወጥ የቤቱም ቅርጽ አብሮ መለወጡን ከዚህ እንረዳለን።

ከአዳራሹ አጠገብ ደረጃው ይጀምራል። ይህ የድንጋይ ደረጃ በጠባብ ስፍራ ተጠምዝዞ ቶሎ የሚያደርስ አይደለም። እየተዘረጋ፥ እያረፈ፥ አንድ ጊዜ ከጨለማ ወደ ብርሃን፥ አንድ ጊዜ ከብርሃን ወደ ጥላ እየገባ፥ በቤቱ ውስጥ ረጅም ጉዞ ካስጓዘ በኋላ በሁለተኛው ፎቅ ከታላቁ እልፍኝ ደጅ ያደርሳል። በግብር ቀን ምግቡን የያዙ አገልጋዮች ተሰልፈው፥ ከወጥ ቤቱ ተነሥተው በአዳራሹ በኩል ይህን ደረጃ ይወጡ ነበር። ምግቡ ላይ እስኪደርስ መብረዱ አይቀርም። ነገር ግን የሚፈለገው ትኩስነቱ አልነበረም፤ ክብሩ ነበር።

ታላቁ እልፍኝ ከግድግዳው የላይኛው ክፍል ዙሪያውን በልስን የተቀረጸና ቀለም የተቀባ ሰፊ ምስል አለው። ምስሉ ዱር ነው። ዛፎች፥ አራዊትና አዳኞች ይታያሉ፤ በመካከላቸውም የጥንት ሮማውያን የአደን አምላክ ያደረጓት ድንግሊቱ ዲያና ከደናግሎቿ ጋር ተቀምጣለች። በዚያን ጊዜ የነበሩት ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ሳያገቡ የኖሩ ስለ ነበሩ፥ በዲያና መመሰላቸው የተለመደ ነበር። እንግዲህ ይህ እልፍኝ ለማን እንደ ተዘጋጀ ግድግዳው ራሱ ይመሰክራል። ከእሱ ቀጥሎ የሚገኘው ረጅሙ ሰገነት በቤቱ ምሥራቃዊ ወገን ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሲሆን፥ ርዝመቱ 50 ሜትር ያህል ነው። ዝናብና ብርድ በሚበዛበት አገር መኳንንቱ ከቤት ሳይወጡ የሚመላለሱበት ስፍራ ነበር።

እንደዚህ ያለ ቤት እንዴት ሊቆም ቻለ? ግድግዳው በመስኮት ከተበሳሳ ክብደቱን ምን ይሸከመዋል? መልሱ ከውስጥ ነው። በቤቱ ውስጥ በቁመቱ የሚሄድ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ እንደ ጀርባ አጥንት ሆኖ ወለሉንና ጣራውን ያዝ ያደርጋል። የጭስ ማውጫዎቹም አብዛኛዎቹ የወጡት በውስጡ ግድግዳ በኩል ስለ ሆነ፥ የውጪው ግድግዳ ለመስኮት ነጻ ሆነ። ይሁን እንጂ ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲባል አንዳንድ ማታለያም ተደርጓል። ከውጭ መስኮት መስለው የሚታዩ፥ ከኋላቸው ግን ግንብ ወይም የጭስ ማውጫ ያለባቸው መስተዋቶች አሉ። አንዳንዱም ከውጭ አንድ ረጅም መስኮት ሲመስል ከውስጥ ሁለት ክፍል ይካፈለዋል። ታላቅነት በሚታይበት ቦታ ሁሉ ጥቂት ማስመሰል አብሮት መኖሩን ይህም ያስተምረናል።

የመስተዋቱ ክብር ደግሞ የራሱ ዋጋ ነበረው፤ እሱም ብርዱ ነው። በ1601 ዓ.ም. በተጻፈው የንብረት ዝርዝር ውስጥ በባለቤቲቱ መኝታ ቤት የነበረው ዕቃ አንድ በአንድ ተቈጥሮ ይገኛል። በአልጋቸው ላይ የሚደራረበው የሱፍ ብርድ ልብስ ብዛት፥ በየበሩና በየመስኮቱ ላይ ብርድ እንዲከላከል የሚንጠለጠለው ልብስ፥ ከአጠገባቸው የማይርቀው የሣጥን ብዛት ሁሉ ተዘርዝሯል። ይህን ዝርዝር የሚያነብ ሰው፥ ከግርማዋ ቤት ውስጥ በብርድ የሚንቀጠቀጡ፥ ወረቀታቸውንና ገንዘባቸውን ከራስጌያቸው ያላራቁ አንዲት አሮጊት ይታዩታል። ድንጋዩ የሚያሳየን ታላቂቱን እመቤት ነው፤ መዝገቡ የሚያሳየን ሰውዬይቱን ነው።

ታላቂቱ እመቤት ራሳቸውን አልደበቁም። በስድስቱም ማማዎች አናት ላይ፥ ሰማዩን ጀርባ አድርገው እንዲታዩ፥ የስማቸውና የማዕረጋቸው መጀመሪያ የሆኑት ሁለት ፊደሎች ከድንጋይ ተፈልቅቀው፥ ዘውድ ተደርጎላቸው ቆመዋል። ኤልሳቤጥ፥ የሽሩዝበሪ፥ ማለት ነው። ሌላ ባለጠጋ ስሙን በበሩ ላይ ቢያጽፍ፥ እሳቸው ከሩቅ አገር በሚታይ ከፍታ ላይ አጻፉት።

ይሁን እንጂ እኒሁ እመቤት ስማቸውን ሰማይ ላይ ሲያጽፉ ገንዘብ ማስላታቸውን አልረሱም። ለረጅሙ ሰገነት የሚሆኑትን 13 የተሸመኑ ሥዕላዊ መጋረጃዎች በ1592 ዓ.ም. የገዙት ሰር ክሪስቶፈር ሃተን ከተባሉ ከሟች ባለሥልጣን ወራሽ ነው። ሥዕሉ በመጽሐፈ መሳፍንት የሚገኘው የጌዴዎን ታሪክ ነው። በመጋረጃዎቹ ላይ የቀድሞው ባለቤት ዓርማ ተሸምኖበት ስለ ነበር፥ እመቤት ኤልሳቤጥ እሱን በራሳቸው ዓርማ ለማስሸፈን ወጪ አለብኝ ብለው ከዋጋው 5 ፓውንድ አስቀነሱ። ዓርማውም በሌላ ጨርቅ ተሸፈነ። የሃተን ምልክት የነበረችው ዋላም ቀንድ ተጨምሮላት ከካቨንዲሾች ዓርማ ጋር የምትስማማ ሆነች።

እንግዲህ ቤቱ አለቀ፤ እልፍኙ ተነጠፈ፤ ዲያና በግድግዳው ላይ ተቀመጠች። ንግሥት ኤልሳቤጥ ግን ወደ ሃርድዊክ አንድም ቀን ሳይመጡ በ1603 ዓ.ም. ሞቱ። ከዚህም የሚከፋ ነገር ሆነ። እመቤት ኤልሳቤጥ አርቤላ ስቱዋርት የምትባል የልጅ ልጅ ነበረቻቸው። በአባቷ በኩል ከንጉሥ ዘር ስለ ነበረች፥ ዘውዱ ይደርሳት ይሆናል ተብሎ ትታሰብ ነበር። አባትና እናቷ በልጅነቷ ስለ ሞቱ አያቷ አሳደጓት፤ በሃርድዊክም ከዓይናቸው ሳትርቅ እንደ እስረኛ ትኖር ነበር። ከዚህ ጥበቃ ለማምለጥ በስውር የጋብቻ መልእክት ብትልክ ነገሩ ተገለጠ። በ1603 ዓ.ም. መጀመሪያ የንግሥቲቱ መልእክተኛ ሰር ሄንሪ ብራንከር ድንገት ሃርድዊክ ደርሰው፥ በረጅሙ ሰገነት ሲመላለሱ ያገኟቸውን አያትና የልጅ ልጅ ለያይተው፥ አርቤላን በሰገነቱ ሌላ ጫፍ መረመሯት። ለንግሥት በተዘጋጀው ፎቅ ከቤተ መንግሥት የመጣው እንግዳ መርማሪ ሆነ። አያትየዋም አርቤላን ከኑዛዜያቸው አስወጧት። አርቤላ ከጊዜ በኋላ ያለ ንጉሥ ፈቃድ አግብታ ታሰረች፤ ለማምለጥም ሞክራ ተይዛ፥ በ1615 ዓ.ም. በለንደን ግንብ እስር ቤት ሞተች።

እመቤት ኤልሳቤጥ በ1608 ዓ.ም. አረፉ። ዘራቸው በካቨንዲሽ ልጆቻቸው በኩል ከፍ ብሎ የዴቮንሻየር መሳፍንት ሆኑ። ነገር ግን መሳፍንቱ ሃርድዊክን ትተው ቻትስወርዝ በሚባለው ሌላ ርስታቸው ይኖሩ ጀመር። ቻትስወርዝ ላይም እመቤት ኤልሳቤጥ ከሁለተኛ ባላቸው ጋር ያሠሩት ታላቅ ቤት ነበረ፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በአዲስ ዘመን ፋሽን አፍርሰው እንደ ገና ሠሩት። ከእመቤቲቱ ቻትስወርዝ እምብዛም የሚታይ ነገር አልቀረም። ሃርድዊክ የዳነው ስላልተወደደ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሰው ስላልበዛበት ማንም ሊያሻሽለው አልደከመም።

ነገር ግን መረሳት ብቻውን ቤት አያድንም። ሰው የረሳው ቤት ጣራው ይወድቃል፥ ዕቃው ይዘረፋል፤ አሮጌው ሃርድዊክ ከጎኑ ፈርሶ መታየቱ ምስክር ነው። አዲሱን ያቆየው ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የ1601 ዓ.ም. የንብረት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከኑዛዜው ጋር የተያያዘ ነበር፤ ወራሾቹም ዕቃው ሁሉ በቤቱ እንዲቆይ ታዘዙ። በየክፍሉ ያለው አልጋ፥ መጋረጃ፥ ወንበርና ምንጣፍ ስለ ተጻፈ፥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ድንጋዩ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሥርዓት ጭምር ነው። ዛሬ የታሪክ ሊቃውንት አንድ ዕቃ በየትኛው ክፍል እንደ ነበር ለማወቅ ሲሹ ይህንኑ ዝርዝር ይገልጣሉ።

በ1950 ዓ.ም. አሥረኛው የዴቮንሻየር መስፍን በሞቱ ጊዜ፥ በውርስ ላይ የሚከፈለው ግብር እጅግ ከባድ ስለ ነበር፥ ቤተ ዘመዱ ሃርድዊክን በግብሩ ፈንታ ለመንግሥት አስረከበ። መንግሥቱም በ1959 ዓ.ም. ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ሰጠው። በቤቱ የኖሩት የመጨረሻዋ እመቤት የዘጠነኛው መስፍን ባልቴት ኤቭሊን ነበሩ፤ በ1960 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ የተቀደደውን መጋረጃና ጥልፍ በእጃቸው ሲያድሱ ኖሩ። ማኅበሩም የጌዴዎንን መጋረጃዎች አንድ በአንድ እያወረደ፥ እያጠበና እያደሰ፥ 24 ዓመት ከፈጀ ሥራ በኋላ በ2023 ዓ.ም. 13ኛውን መልሶ ሰቀለ። ቤቱ በሰባት ዓመት ተሠራ፤ የአንድ ክፍል መጋረጃ በ24 ዓመት ታደሰ። ከመሥራት ይልቅ መጠበቅ የሚበልጥ ትዕግሥት መጠየቁን ከዚህ ቁጥር የሚበልጥ የሚያስረዳ የለም።

አድማጮቼ፤ ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት መጀመሪያ ወደ ጠየቅኋችሁ ጥያቄ ልመለስ። የታሰበለት ጉዳይ ያልተፈጸመ ቤት ምን ይሆናል? ንግሥቲቱ አልመጡም፤ ዘውድም ለአርቤላ አልደረሰም፤ በማማው አናት ያሉት ፊደሎችም ዛሬ ብዙ ሰው የማን እንደ ሆኑ ካልተነገረው አያውቃቸውም። የቀረው ሥራው ነው። ጠራቢው በልኩ የጠረበው ድንጋይ፥ ንድፍ አውጪው ያስተካከለው ሚዛን፥ ሸማኔው የሸመነው መጋረጃ፥ ጸሐፊውም በየቀኑ ያሰፈረው ቁጥር ቀረ። የእመቤቲቱ ትዕቢት ቤቱን አስጀመረ፤ ያቆየው ግን የባለሙያዎቹ ታማኝነት ነው።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሕፈት ያለ ይወረሳል ሲሉ የተናገሩት ቃል በዚያ ሩቅ ኮረብታ ላይም እውነት ሆኖ ተገኝቷል። የሃርድዊክን ሒሳብ የጻፈው ሰው በብርድ ክፍል ተቀምጦ፥ ለግንበኛው ይህን ያህል፥ ለአናጢው ይህን ያህል እያለ ሲያሰፍር፥ ሥራው አሰልቺና ስም የማያስጠራ ሆኖ ታይቶት ይሆናል። እናንተም ነገ ጧት ወደየጠረጴዛችሁ ስትመለሱ፥ ከፊታችሁ የሚቀርበው የዕቃ ዝርዝርና የክፍያ ወረቀት እንዲሁ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት ደግማችሁ ተመልከቱት። ከብዙ ዘመን በኋላ የሚነሣ ሰው፥ ግንቡን ያነሣው ማን እንደ ነበር የሚያውቀው ምናልባት በእናንተ መስመር ብቻ ይሆናል።